አስከሬን የሌለበት ለቅሶ

ጎንደር ውስጥ ሐዘንተኛን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ነጠላዋን ማየት ይበቃል። በደህናው ቀን ጥለቱ ወደ ታች የሚወርደው ነጠላ ሐዘን ሲገባ ይዘቀዘቃል። ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣና አንገትና ጉንጭ ላይ ያርፋል። እንዲህ የለበሰች ሴት ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ይቀንሳል። ገበያ ላይ ሻጩ ዋጋ አያከራክራትም። የማያውቃት ሰው እንኳ "እግዜር ያጥናሽ" ብሏት ያልፋል። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ይህን ነገር እወደዋለሁ። ሰው ልቡ በተሰበረበት ሰሞን ራሱን ለሌላው ለማስረዳት መገደድ የለበትም። ልብሱ ይናገርለታል። ጥቁሩ ቀሚስ፣ ያልተላጨው ጺም፣ የተቆረጠው ፀጉር ሁሉ ሥራቸው ይኸው ነው። ሰሞኑን ይህን ጉዳይ አብዝቼ ሳስብ፣ ስለ እኛም ስለ ሌላውም ሕዝብ የሐዘን ልማድ ሳነብ ከርሜአለሁ። ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ድሮ ምልክቱ ፊት ላይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን ጽፏል። ሴቶቹ የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር ሆን ብለው ያሳድጉ ነበር ይላል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትባቸው በዚያ ጥፍር ከግንባራቸው ግራና ቀኝ ያለውን ቆዳ በሳንቲም ስፋት ይልጡታል። ቁስል ወይም ጠባሳ የሌለበት ቆንጆ ፊት በአገሩ እንደማይገኝ ነው የሚነግረን። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሠራዊቱ በሚዘምትበት በበጋው ወራት ቁስሉ የሚሽርበት ጊዜ አያገኝም። አንዱ ሳይድን ሌላ መርዶ ይመጣል። ክረምት ገብቶ ጦሩ ሲመለስ ነው ፊታቸው የሚያገግመው። የዚያ ዘመን ጦርነት ስንት ሰው እንደበላ ከዜና መዋዕሉ ይልቅ ከሴቶቹ ፊት ማንበብ ይቻል ነበር።

ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 ስለ ሞተ ሰው ብሎ ገላን መቧጨርን ይከለክላል። ቄሶቹም "ፊታችሁን አትንጩ" እያሉ ሲገሥጹ ኖረዋል። ዛሬ ከተማው ውስጥ ልማዱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። አያቴ ግን ጉንጯ ላይ ቀጭን ጠባሳ ነበራት። ልጅ ሆኜ "ምን ነክቶሽ ነው?" ስላት የወንድሟን ስም ጠራችልኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ብሩስ እዚህ በነበረ ጊዜ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ደብር ነበሩ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1755 ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 ተገደለ። እቴጌይቱ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ባሠሩት ቁስቋም ተከተው ኖሩ፤ በ1773 ዐረፉ። የሦስቱም አጽም ዛሬ እዚያው መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ አንድ ላይ አለ። ለጎብኚ ያሳዩታል። አጽም ለጎብኚ መታየቱን የማይወዱ አሉ፤ ይገባኛል። እኔ ግን ቁስቋም በሄድኩ ቁጥር እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ቦታ መሆናቸው ያሳርፈኛል። የሞተብህ ሰው የት እንዳለ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከለቅሶው በፊት መርዶው አለ። መርዶ እዚህ አገር በሥርዓት ነው የሚነገረው። ሩቅ ያለ ዘመዱ የሞተበትን ሰው ማንም ደፍሮ በስልክ አያረዳውም። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። የንስሐ አባቱ ይጠራሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ጎረቤት ተጠራርቶ ደጃፉ ላይ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ቀድመው አዘቅዝቀዋል። አንዱ በር ያንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያይ ገና ቃል ሳይወጣ ያውቃል። ሲወድቅ የሚይዙት እጆች እዚያው ናቸው። ውኃ የያዘች አለች። ስኳር ወይም ደም ግፊት እንዳለበት የሚያውቅ ጎረቤት መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ጠይቋል። ይህን ያህል የታሰበበት ነገር ነው።

ከዚያ ጥሩንባው ይነፋል። የእድሩ ለፋፊ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን እየጮኸ ያልፋል። ድንኳኑ ይጣላል። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑ ከእድሩ ቤት ይመጣል። ሴቶቹ ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፤ እዝኑን ጎረቤት ነው የሚያመጣው። ሐዘንተኛው አልጋ ላይ አይተኛም፤ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ነው የሚውለው። ገጠር ከሆነና ሟቹ ወንድ ከሆነ ጥይት ይተኮሳል፣ ይፎከራል፣ ይሸለላል። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ ሰባት ጊዜ ያርፋል፤ በየምዕራፉ ጸሎት ይደረሳል። ማታ ማታ ወጣቶቹ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳያድር ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያነጋሉ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ንቀት ያየዋል። እኔ አላየውም። በዚያ ብርድ ተቀምጦ ማንጋት ቀላል አይደለም።

ስለ አልቃሿ ግን ቆም ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው በደፈናው እየጮኸች የምታስጮህ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ላያት ሰው ሥራዋ ሌላ ነው። ከመቆሟ በፊት የቤተሰቡን ሰው ጥግ ይዛ ትጠይቃለች። እናቱ ማን ናት? ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ታረቀ? ያን ሁሉ ይዛ ትነሣለች። እኛ ሰፈር ለቡና ጎረቤት ሁሉ ስትጠራ የኖረች አንዲት እናት የሞተች ጊዜ አልቃሿ እንዲህ አለች፦

አቦሉን ቀድታ፣ ቶናውን ደግማ፣
በረካው ሳይደርስ ሄደች ተሸልማ።

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ ደርቆ የተቀመጠው ትልቁ ልጇ እንኳ ደረቱን እየመታ ተነሣ። ሁላችንም ያቺ ሴት የቀዳችውን ጠጥተናል። ሁለት ስንኝ አንድን ሰው ከሌላው ሟች ሁሉ ለይቶ አስለቀሰልን። ዛሬ ዛሬ በስፒከር የተቀዳ ሙሾ የሚያሰሙ ለቅሶዎች አጋጥመውኛል። ልቤ አይቀበለውም። የተቀዳው ሙሾ የማንንም ስም አያውቅም።

ከቀብር በኋላ ቀን መቁጠር ይመጣል። ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አቅሙ ያለው ሰባት ዓመትም ያወጣል። በሠልስቱ ድንኳኑ ይነሣል፤ ሩቅ መንገደኛ ይሸኛል። አርባ ሲደርስ ቤቱ እንደገና ሰው ያያል። በየመሐሉ ሐዘንተኛው ጥቂት ጥቂት ወደ ኑሮው ይመለሳል፤ ግን የሚቀጥለው ቀን መቼ እንደሆነ ያውቃል። በመጨረሻ የዘመድ ሴቶች ተሰብስበው ይመጣሉ። "በቃሽ እንግዲህ፤ የቀሩትን ልጆችሽን እይ" ይሏታል። ጥቁሩን አስወልቀው ነጭ ያለብሷታል። ፀጉሯን ይሠሯታል። ውስጧን እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስትስቅ ማንም በክፉ አያያትም።

ሌላውም ሕዝብ ቀን እንደሚቆጥር ሳነብ ደስ አለኝ። አይሁድ የመጀመሪያውን ሰባት ቀን ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ወይም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ልብሳቸውን ቀድደው፣ ቤት ያለውን መስተዋት ሸፍነው ይውላሉ። ከዚያ ሠላሳ ቀን አለ። ለእናትና ለአባት ደግሞ ጸሎቱ አሥራ አንድ ወር ይዘልቃል። ጃፓኖች በቡድሃ እምነት መሠረት 49ኛውን ቀን ያከብራሉ፤ ከእኛ አርባ ብዙም አይርቅም። በእስልምና ሐዘን ሦስት ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ አራት ወር ከአሥር ቀን ትቆያለች።

ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። ጎንደር አዲስ ዓለም አለ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተለያይተው ይኑሩ ብለው ከወሰኑ ወዲህ የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው። አዋጁ ለያይቶን ነበር፤ ለቅሶ መልሶ አገናኘን። እዚያ ሰው ሲሞት ቀብሩ ፈጣን ነው። ወንድ በሦስት፣ ሴት በአምስት ነጭ ጨርቅ ይከፈናሉ። ፊታቸው ወደ ቂብላ ሆኖ በጎናቸው ይቀበራሉ። ጩኸት አይወደድም። ከእኛ ድንኳን የመጣ ሰው ዝምታው መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል። ደረቱን ሊመታ እጁን ያነሣና ይመልሰዋል። ሁለተኛ ሲሄድ ዝምታውም ለቅሶ እንደሆነ ይገባዋል። እነሱም እኛ ዘንድ ይመጣሉ። የሥጋው ነገር ለየብቻ ነው፤ ንፍሮው የጋራ ነው።

ቀን ያልተቆጠረለት ሐዘን ምን እንደሚመስል የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ታሳያለች። ባሏ አልበርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷ በጥር 1901 እስክትሞት ድረስ ጥቁር ለበሰች። አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። አገሬው ሐዘን ሲበዛባት ያጉረመርም ነበር። ንግሥት ስለሆነች "በቃሽ" ብላ ጥቁሩን የምታስወልቃት የዘመድ ሴት አልነበረቻትም። ለራሷ ቀብር ግን ነጭ አዘዘች። ነጭ ልብስ ለብሳ፣ የሠርጓን ዓይነ ርግብ አድርጋ ነው የተቀበረችው። ሣጥኗ ውስጥ የአልበርት የቤት ካባና ከእጁ የተቀዳ የጀሶ ቅርጽ አብሮ ገባ። ይህችን ሴት ወደ በኋላ እንደገና አነሣታለሁ።

ቀለሙ እንደ አገሩ ነው። ሕንዶችና ቻይናዎች ሐዘናቸው ነጭ ነው። ጋና ውስጥ ጥቁርና ቀይ ይለበሳል፤ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሽማግሌ ግን ነጭ ይገባል፤ እንደ ምስጋና ነው። ሜክሲኮዎች በየዓመቱ ኅዳር መባቻ ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር 1 እና 2፣ ለሙታኖቻቸው ገበታ ያዘጋጃሉ፤ ሟቹ የሚወደውን ምግብ ከቢጫ አበባ ጋር ይደረድሩለታል። እኛ ተዝካር ስናወጣ በሟቹ ስም የሚበላው ድኻው ነው። ይህኛው የእኛ ይበልጥብኛል። ያው ድኻው መብላቱ ቀርቶ ባለመኪናው ሲበላ ደግሞ አዝናለሁ። በሬ ለመጣል ተበድሮ፣ ለአባቱ አርባ ብሎ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የበላ ሰው አውቃለሁ። ከተዝካሩ ድግስ ብዙው ቢቀር አይቆጨኝም። ጎረቤት መምጣቱ፣ ቀኑ መቆጠሩ፣ ነጠላው መዘቅዘቁ ግን አንዱም እንዲቀር አልፈልግም።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልምጣ። የጎረቤታችን ልጅ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ሞተች። መርዶውን ያመጣ ሽማግሌ አልነበረም። እናትዮዋ በር ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ፤ አውቆ ሊነግራት አልነበረም። "ይቺ የናንተ ልጅ አይደለችም?" አላት። ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ ነበር። ሥሩ ሻማ ተለጥፎበታል፤ ብዙ የማታውቃቸው ሰዎች "ነፍስ ይማር" ብለው ጽፈዋል። ቀትር ነበር። አጠገቧ ማንም አልነበረም። ስትወድቅ የያዛት እጅ አልነበረም። እኛ የደረስነው ጩኸቷን ሰምተን ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። አስከሬኑ አልመጣም። ወረቀት ጎደለ ተባለ፣ ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያ ዝም። የእድሩ ደንብ ደግሞ ድንኳን የሚጣለው ለቀብር ነው ይላል። ቀብር ከሌለስ? ኮሚቴው ተከራከረ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ደንቡ ያላሰበው ነገር ገጠማቸው። እናትየዋም ግማሽ ልቧ እምቢ አላት። "ሳላየው ምኑን አለቅሳለሁ?" እያለች ተቀመጠች። ጥቁር ልልበስ ወይስ ልጠብቅ? ሠልስቱ ከመቼ ይቆጠራል? አርባውስ?

መፍትሔ ያመጡት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ቤት ውስጥ አንድ አልጋ አነጠፉ። አልጋው ላይ የልጅቷን ነጠላ ዘረጉ፤ ለጥምቀት የገዛችው፣ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነውን። በላዩ የስምንተኛ ክፍል ፎቶዋን አቆሙ። ከግርጌ ጫማዋን አደረጉ፤ ጫማው ቤት የቀረ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው፤ የእግር ጣቶቿ ቅርጽ ሶሉ ላይ ታትሟል። እናትየዋ ጎንበስ ብላ ያንን ቅርጽ በጣቷ ዳሰሰችው። ያኔ ለቅሶው መጣ። የንስሐ አባቷም "ጸሎቱ አስከሬን አይጠብቅም" አሉና ፍትሐት ተደረገላት።

ይህን ካየሁ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ያነጠፉት አልጋ አዲስ ነገር አለመሆኑንም ያኔ ተረዳሁ። በድሮ ዘመን መኳንንት ሩቅ አገር ወይም ጦር ሜዳ ላይ ሲሞቱ አገራቸው ላይ ምስላቸው ይሠራ ነበር። ምስሉን ልብሳቸውን አልብሰው፣ ፈረሳቸውን ጭነው፣ ጋሻና ጦራቸውን አስይዘው ያለቅሱላቸዋል። ኮንሶዎች ለጀግኖቻቸው ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ፤ ጀግናው መሐል፣ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ጎንና ጎን። በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት የሚኖሩት ቶራጃዎች ደግሞ ሟቹን መስሎ የሚቀረጽ ታው ታው የሚባል ምስል አላቸው፤ ልብስ አልብሰው በገደሉ መቃብር አፋፍ ላይ ያቆሙታል። እነሱ ከቀብር በፊት አስከሬኑን ቤት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያቆያሉ፤ ድግሱ እስኪደርስ ሟቹ "ታማሚ" ነው የሚባለው። እኛ ካለን ችግር ጋር ሳስተያየው ገረመኝ። እነሱ አስከሬን እያላቸው ሞቱን ያዘገዩታል። እኛ ሞቱን ሰምተን አስከሬኑን እንጠብቃለን።

ጎንደር ይህን መጠበቅ ያውቀዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ በዳባት መንገድ ላይ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። ከዚህ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በ1970ዎቹ ዓ.ም. በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉት ሞቱ። ብዙዎቹ በጥድፊያ የተቀበሩበትን ቦታ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የቤተ እስራኤል ሕግ በንጽሕና ላይ ጥብቅ ነው፤ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። እነዚያ ሰዎች የገዛ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አሸዋ ውስጥ ቀብረው፣ ሰባቱን ቀን ሳይቀመጡ፣ ሳይነጹ ነው መንገድ የቀጠሉት። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል፤ በየዓመቱ ቀን ተለይቶ ይለቀስላቸዋል። መቃብር ለሌላቸው ሰዎች መቃብር ተሠራ፤ ቀን ለሌላቸው ቀን ተሰጠ።

ያው የሱዳን መንገድ መተማ ላይ የንጉሥ አስከሬንም አስቀርቷል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ወደቁ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ዛሬም ልጆቻችን በመተማ በኩል ይወጣሉ። ከሊቢያ በረሃና ከባሕሩ ያልተመለሱትን ማን ቆጥሯቸው?

ከሁሉ በላይ የማስበው ግን ስለ አንድ ዘለላ ፀጉር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። ከአስከሬናቸው ፀጉር ተቆረጠ። የአስከሬናቸውን ሥዕል የሣለው ሰው ቤተሰቦች ፀጉሩን እ.ኤ.አ. በ1959 ለንደን ላለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡት። በዚያ ዘመን እንግሊዞች የሚወዱት ሰው ሲሞት ፀጉሩን ቆርጠው በቀለበትና በአንገት ጌጥ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ለወዳጅ ከሆነ ያምራል። ከወደቀ ንጉሥ ራስ የተቆረጠ ግን ምርኮ ነው። እኛ ዘንድ በሐዘን ጊዜ የሚቆረጠው የቋሚው ፀጉር ነው፤ የሟቹ አይነካም። ያ ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ልጃቸው ዓለማየሁ በተያዘ ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞቱ፤ ትግራይ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ እንግሊዝ አደገ። ያቺ ጥቁር ለባሿ ንግሥት ታየው፣ ታስብለት ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻዋ ሐዘኗን ጻፈች፤ ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበርም አደረገች። የናስ ሰሌዳው ላይ "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጻፈ። ማዘኗን አምናለሁ። ቃሉ ግን ያመኛል። ልጁ እንግዳ ሆኖ አልሄደም፤ ተወስዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተሰቡ አጽሙ እንዲመለስ ጠይቆ ቤተ መንግሥቱ ሌሎች መቃብሮችን ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን የልጁ ዘለላ ፀጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። የአባትም የልጅም ፀጉር ተመለሰ።

አባት ቋራ ማኅበረ ሥላሴ፣ እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንዘር። ቁስቋም ያሉት ሦስቱ አንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ይኸው ተበታትነው አሉ። "አንድ ዘለላ ፀጉር ምን ያደርጋል?" ብሎ የተከራከረኝ ወዳጅ አለ። ያቺ እናት የላስቲክ ጫማውን ስትዳስስ ቢያያት አይጠይቀኝም ነበር።

የልጅቷ አርባ ከመርዶው ቀን ተቆጥሮ ወጣ። ትንሽ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ነበር፤ የቆሎ ተማሪዎችና የቤተ ክርስቲያን ደጅ ድኾች በሉ። እናትየዋ ጥቁር ለብሳለች። ዓመቱ ሲደርስ ማን እንደሚያስወልቃትም ሴቶቹ ከአሁኑ ተነጋግረዋል።

የእኛ እድር ዘንድሮ ደንቡን ያሻሽላል። በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አውጥቼ የምጠይቀው ይህን ነው። አስከሬን ለሌለው ሰው ድንኳኑ መርዶው በተሰማ ማግስት ይጣል። ጥሩንባው ስሙን እየጠራ ይነፋ። ክፍያው ቀብር እንዳለው ሁሉ ይከፈል፤ ቀኑም ከዚያ ይቆጠር። መርዶ በስልክ የሰማ ሰው መጀመሪያ ለእድሩ ሊቀመንበር ይንገር፤ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፉ በፊት ቤተሰቡ እንዲረዳ ሦስት ሰው ይመደብ። አስከሬኑ ከወራት በኋላ ከመጣ ደግሞ ድንኳኑ እንደገና ይጣል። ለዚህ ወርኃዊ መዋጮው ቢጨምር እከፍላለሁ፤ ሰፈራችን ውስጥ ልጁ ውጭ ያልሆነበት ቤት ስለሌለ ብዙው አባል አብሮኝ እጁን ያወጣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።